ብሳናው ናፍጣ ሲሆን

ሰኞ፣ ጥር 18

ለግትሩ ባለቤቴ፣ ለልጄ አባት፤

እንዴት ከርመሃል? ወደቡስ እንዴት ይዞሃል? ሙቀቱ ሰው ያቀልጣል ሲሉ ሰምቻለሁ፤ መቼም አንተ ቀልጠህ ብታልቅ እንኳ "ሞቀኝ" ብለህ አፍህን እንደማትከፍት አውቃለሁ። እኛ ደህና ነን። እናትህ ጉልበታቸውን አልፎ አልፎ ያማቸዋል እንጂ ምላሳቸው ጤነኛ ነው። ልጃችንም እዚያው ዩኒቨርሲቲዋ ፈተናዋን ጨርሳ እፎይ ብላለች። ሁለት ዓመት ሙሉ ያንተን ወሬ ለእኔ፣ የእኔን ላንተ ስታመላልስ ፖስታ ቤት ሆና ቀረች፣ ምስኪን።

ለምን አልደወለችም ብለህ ይሆናል። ስንደዋወል የሚሆነውን ታውቀዋለህ። አንተ "እ" ትላለህ፤ እኔ "እ ብሎ ነገር ምንድን ነው?" እላለሁ፤ ከዚያ መስመሩ ተቋርጦ ይሁን አንተ ዘግተኸው ሳይገባኝ ቀኑን ሙሉ ስበሳጭ እውላለሁ። ደብዳቤ ግን እስከ መጨረሻው ይነበባል። ወደ ወደቡ ዕቃ የሚያመላልሰው ሹፌር ጎረቤታችን ሐሙስ ይነሳል፤ በእሱ እልክልሃለሁ።

ደግሞ የምጽፍልህ ስለ ሥራ ነው፤ ይኼ ከወዲሁ ይታወቅልኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው፤ ላቦራቶሪያችን አንተን ይፈልጋል። ከላቦራቶሪው ጓሮ መጋዘን ውስጥ ሲሚንቶ ላይ የተከልካት ያቺ ባለ አንድ ሲሊንደር የናፍጣ ሞተር ትዝ ትልሃለች? በማኖቬላ እያዞርክ ስታስነሳት "ይቺ ከእኔ በቀር ለማንም እሺ አትልም" እያልክ ትኩራራ ነበር። እኔም በልቤ "ጉረኛ" እል ነበር። ይኸው አንተ ከሄድክ ወዲህ ማንም አስነስቷት አያውቅም። አሁን ደግሞ በየካቲት አጋማሽ ገምጋሚዎች ይመጡብናል፤ አዲሱን ነዳጃችንን በእሷ ላይ ሠርቶ ካላዩት የእስከ ዛሬው ድካማችን ሁሉ ውሃ በላው ማለት ነው።

አዲሱ ነዳጅ ምንድን ነው ካልከኝ፣ የብሳና ፍሬ ዘይት ነው። ሳቅ፣ አይዞህ፤ እኔም መጀመሪያ የሰማሁ ዕለት ስቄያለሁ። "ብሳና ይነቅዛል ወይ ቢሉት፣ ለዛፍ ሁሉ ማን አስተማረና" እየተባለ ስሙ የጠፋ ዛፍ እኮ ነው! ለቤት ምሰሶ ሲሉት ነቀዝ ይቀድማቸዋል። ዘይቱም ለአፍ አይሆንም፤ የቀመሰውን ሰው ሆዱን ይዞ ያሯሩጠዋል። ለእኛ ግን ትልቁ ነገሩ ይኸው አለመበላቱ ነው፤ ከማንም ማዕድ ላይ አልነጠቅንም። ዛፉ እንደሆነ በየመንገዱ ዳር፣ በየአጥሩ ጥግ ሞልቷል። ፍሬውን የሚፈልገው ሰው ስላልነበረ መሬት ላይ ረግፎ ሲረገጥ ኖረ። የእኛ ሥራ ከፍሬው ስንት ዘይት እንደሚወጣ፣ ዘይቱ ምን ዓይነት እንደሆነ፣ ናፍጣ ሆኖ ሞተር ያንቀሳቅስ እንደሆነ ወይም እንዳልሆነ መመርመር ነው።

ይህን ሐሳብ ያመጣው የክፍላችን ኃላፊ ነው። አንተ ከሄድክ በኋላ ስለመጣ አታውቀውም። እኔን "እህቴ" ይለኛል፤ እኛ ደግሞ ከኋላው "አሁኑኑ" እንለዋለን፤ ምክንያቱም ከአፉ ሌላ ቃል አይወጣም። ወረቀቱ አሁኑኑ፣ ስብሰባው አሁኑኑ፣ ምሳውም አሁኑኑ። ልቡ ንጹሕ ነው፤ እግሩ ግን መሬት አይነካም።

ፍሬው ከዛፉ የሚወርደው ልጣጩ ሳይፈነዳ ነው። ከዚያ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። የላቦራቶሪው ግቢ በሕንፃ ጥላ ስለተዋጠ የመጀመሪያውን ጆንያ እኛ ቤት በረንዳ ላይ አሰጣሁት። ማታ ከሥራ ስመለስ እናትህ ዣንጥላ ዘርግተው በረንዳው ጥግ ኩርምት ብለዋል።

"ምነው እማማ? ዝናብ የለ!"

"ዝናብማ በስንት ጣዕሙ! ይኼ ዛፍሽ ሲተኩስብኝ ዋለ እንጂ።"

ለካ ልጣጩ ሲደርቅ ጠሽ፣ ጠሽ እያለ ይፈነዳል፤ ፍሬውንም እስከ ጎረቤት አጥር ይወረውረዋል። ከዚያን ቀን ወዲህ በአሮጌ መጋረጃ እንሸፍነዋለን። እሳቸውም ተኩሱን ለምደውት ጓንታቸውን አድርገው ልጣጩን ከፍሬው ሲለዩ ይውላሉ። ተዉ ብላቸው አይሰሙኝም፤ ግትርነቱ ከየት እንደተወረሰ አሁን ገብቶኛል።

"ይኼ ሁሉ ልፋት ለመኪና ነው?" አሉኝ አንድ ቀን።

"ለመኪና ነው፣ እማማ።"

"የኔ ልጅ መኪና ሲያክም ኖረ፤ አንቺ ደግሞ ልትቀልቢው ተነሳሽ። ሁለታችሁም ለሰው የሚተርፍ ጊዜ የላችሁም ለካ።"

እኔም የተበተነውን ፍሬ መልቀሜን ቀጠልኩ።

የመጀመሪያው ሙከራችን ምን እንደወጣው ብነግርህ ደግሞ ሆድህን ይዘህ ትስቃለህ። ዘይት ናፍጣ የሚሆነው ከሜታኖልና ከትንሽ ኮስቲክ ሶዳ ጋር ሞቅ ተደርጎ ሲማሰል ነው። ሶዳው ከመግባቱ በፊት ግን በዘይቱ ውስጥ ያለው አሲድ መለካት አለበት። አሲዱ ከበዛ ሶዳው ከእሱ ጋር ይጋባና ነገሩ ሌላ ይሆናል። ይህን እኔ አውቃለሁ፣ አሁኑኑም ያውቃል፣ ግድግዳችን ላይ እንኳ ተለጥፏል። ፍሬው ደግሞ ክረምቱን በእርጥብ መጋዘን ከርሞ ስለነበር ይበልጥ መጠርጠር ነበረብን። ግን ዘይቱ ከመጭመቂያው ገና ጠብ ጠብ ሲል ሁላችንም እንደ ሕፃን ተቁነጠነጥን። "ልኬቱን ነገ እናደርሰዋለን፤ አሁኑኑ እንጀምረው!" አለ ኃላፊያችን። እኔም እጄን ሰብስቤ አልቆምኩም፤ ሶዳውን የመዘንኩት እኔ ነኝ።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። አማሰልነው፣ አማሰልነው፣ እንደ እርጎ ረጋብን። ሁላችንም ዕቃውን ከበብነው። አሁኑኑ ጣቱን ነከረ፣ አሸት አሸት አደረገና ወደ ቧንቧው ሄዶ እጁን ታጠበ። አረፋ በአረፋ ሆነ። "ቢያንስ ያጸዳል" አለ፣ ፊቱ እንደ ሐዘንተኛ ጠቁሮ። የጽዳት ሠራተኛችን ግን ደስታዋን አልቻለችውም፤ ሳሙናውን በባልዲ ወስዳ ኮሪደሩን በሙሉ ወለወለችበት። ኮሪደራችን እንደዚያን ቀን አብርቶ አያውቅም። በማግሥቱ አሁኑኑ ወደ ስብሰባ ሲሮጥ እዚያው ላይ ተንሸራቶ በቂጡ ተቀመጠ፤ ከዚያ ወዲህ እርምጃው ትንሽ ረገብ ብሏል።

ለሁለተኛው ሙከራ አሲዱን በሥርዓት ለካን፤ ለካ ከሚገባው እጅግ በልጦ ኖሯል። አሲድ ለመቀነስ አሲድ መጨመር ይገርምህ ይሆናል፤ እኛ ግን መጀመሪያ በሜታኖልና በጥቂት ሰልፈሪክ አሲድ አረጋጋነው፣ ከዚያ ነው ሶዳውን ያስገባነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ማለት እንዲህ ነው። ሲያድር ዘይቱ ለሁለት ተከፍሎ አገኘሁት። ከታች ጥቁር ግሊሰሪን ተኝቷል፤ ከላይ ደግሞ ጥርት ያለ፣ ጋዜጣ ከኋላው ቢያደርጉ የሚነበብበት ቢጫ ነገር። ላቦራቶሪው ውስጥ ከእኔ በቀር ማንም አልነበረም። ደስ አለኝ። ደስ ብሎኝ ጮህኩ፣ ጥበቃው ሌባ የገባ መስሎት ዱላውን ይዞ መጣ።

ከዚያ በኋላ ያው ምርመራ በምርመራ ሆነ። ውፍረቱን በቀጭን የብርጭቆ ቱቦ እያፈሰስን ለካን፤ በስንት ሙቀት እሳት እንደሚይዝ አየን፤ ውሃ እንዳይቀርበት አጥበን አደረቅነው። በብርድ ይረጋ እንደሆነ ለማየት አንድ ጠርሙስ ቤት አምጥቼ ማቀዝቀዣችን ውስጥ አስቀመጥኩ፤ የላቦራቶሪው ማቀዝቀዣ እንደ ፈቀደው ነው የሚሠራው። እናትህን "እንዳይነኩት፣ አይበላም" ብዬ አስጠነቀቅኳቸው። አልበሉትም። ግን የመኝታ ቤቱን በር ማጠፊያ ቀብተውበት ቆዩኝ። ያ ሲጮህ የኖረ በር አሁን ድምፁ አይሰማም። "እንግዲህ የብሳናሽን ምርመራ እኔም አድርጌዋለሁ" አሉኝ፤ አልፏል ማለት ነው።

ጋራዥህ የነበረበት ቦታ ላይ ያ ባለ መስተዋቱ ሕንፃ አልቋል። ከታች ጫማ ይሸጡበታል። ሠፈሩ ዛሬም በቅጽል ስምህ "ካቻቢቴ የት ገባ?" እያለ ይጠይቀኛል፤ አዲሶቹ ጋራዦች ኮምፒዩተር ሰክተው ያዩታል እንጂ ሞተር ጆሮ ሰጥቶ የሚያዳምጥ የለም ይላሉ። ጋራዡ የተዘጋ ሰሞን ቤት ውስጥ ያደረግከው አይረሳኝም። ያልተበላሸውን ሬዲዮ ፈታህ፤ ያልተበላሸውን ካውያ ፈታህ፤ የልጅቷን ብስክሌት ሁለቴ ፈትተህ ገጠምክ። የሚፈታ ዕቃ ሲያልቅብህ ወደ እኔ ዞርክ። "የሚስቴን ደመወዝ ተቀምጬ አልበላም" አልክ። የእኔ ምላስ ደግሞ መች ያርፋል፣ "እንግዲያው ቆመህ ብላ" አልኩህ። ዛሬም ድረስ ጥሩ ቀልድ ነበር እላለሁ። አንተ ግን አልሳቅክም፤ በማግሥቱ የመሣሪያ ሳጥንህን ተሸክመህ ወጣህ። ስድስት ወር ያልከው ሁለት ዓመት ሆነ።

ይሁን፤ ይኼን ለጭቅጭቅ አላነሳሁትም። ወደ ሥራው ልመለስ። አሁኑኑ "ከውጭ መካኒክ እንቅጠር" ሲል "እኔ አንድ አውቃለሁ" አልኩት። "ጥሩ ነው?" አለኝ። "ጠባዩ ነው ወይስ እጁ?" አልኩት። በእጅህ ተስማምተናል። ስለዚህ ከቻልክ ከገምጋሚዎቹ ቀደም ብለህ ድረስ። ሥራው አንድ ሳምንት ቢፈጅ ነው። ማረፊያ አትቸገርም፤ ቤቱ ሰፊ ነው፣ ልጅቷም ስለሌለች ክፍሏ ባዶ ነው። የሥራ ልብስም እዚሁ አለህ፤ ቱታህን አጥቤ አስቀምጬዋለሁ። መልስህን በሹፌሩ ላክልኝ።

ቅዳሜ፣ ጥር 23

ደብዳቤው አልሄደም። ሐሙስ ጠዋት ሹፌሩ ማርሽ አልገባ ብሎት መኪናውን ጋራዥ አስገባ፤ ነገ እነሳለሁ ብሏል። እኔም ፖስታውን ከፍቼ ልጨምርበት ተቀመጥኩ፤ ምክንያቱም በመሀል ነገር ተለውጧል።

ገምጋሚዎቹ ሐሙስ መጡ። በየካቲት አጋማሽ የተባሉት ሰዎች በዚህ በኩል ሌላ ጉዳይ ነበራቸውና "እግረ መንገዳችንን" ብለው ከተፍ። አሁኑኑ ዕድሜ ልኩን አሁኑኑ ሲል ኖሮ እውነተኛው አሁኑኑ ሲመጣበት ላብ አጠመቀው። ጉባኤውን ይዘን ወደ መጋዘኑ ሄድን። በሞተሯ ውስጥ የነበረውን አሮጌ ናፍጣ አፈሰስንና የብሳናውን ሞላንባት። አሁኑኑ ኮቱን አውልቆ ማኖቬላውን ያዘ። አዞረ፣ አዞረ፣ ምንም የለም። ደግሞ ሲሞክር ማኖቬላው ተመልሶ አንጓውን መታው፤ እጁን አቅፎ ተቀመጠ። የገምጋሚዎቹ ሹፌር ጎበዝ ነኝ ብሎ ገባ፤ እሱም አፍሮ ወጣ። ዋና ገምጋሚዋ ሰዓቷን አየች። "በወረቀት ያለውን እንወስዳለን፤ ሞተሩ እንዳልሠራ ግን እንጽፋለን" አለች።

እንደዚያ ተብሎ ሲጻፍ ታየኝ። ስንት ሰው የለቀመው፣ እናትህ ጉልበታቸውን እያሻሹ የፈለፈሉት! "አንዴ ልሞክራት" አልኩ።

አንተ እሷን ስትጠግን ባትሪ እያበራሁልህ ስንት ጊዜ እንደቆምኩ ታውቃለህ። ያኔ ወሬ ነበር የምንጫወተው እንጂ ትምህርት የተቀበልኩ አልመሰለኝም። ግን ለካ ጆሮዬ ሲለቅም ኖሯል። "ነዳጅ ከተገለበጠ አየር ዋጠች ማለት ነው፤ አየር የዋጠ ሞተር ቁጣ አይወድም" ትል ነበር። መፍቻ ተቀበልኩና ነዳጁን ወደ ሲሊንደሩ በሚያስገባው ቱቦ ጫፍ ላይ ያለውን ዳዶ አላላሁት። አሁኑኑን በደህና እጁ ቀስ ብሎ እንዲያዞር አዘዝኩት። መጀመሪያ አረፋ ወጣ፤ ቆይቶ አረፋ የሌለው ነዳጅ ብቻ ሲመጣ ዳዶውን አጠበቅሁ። ከዚያ ማኖቬላውን ራሴ ያዝኩ፤ አውራ ጣቴን እንዳስተማርከኝ ከሌሎቹ ጣቶች ጋር አድርጌ። ከላይ ያለችውን የአየር ማስተንፈሻ እጀታ አነሳሁ፣ ባለኝ ጉልበት አዞርኩ፣ ፍጥነት ስትይዝልኝ እጀታዋን ለቀቅሁ።

አንዴ አስነጠሰች። ከዚያ ዱፍ አለች። ከዚያማ ዱፍ፣ ዱፍ፣ ዱፍ! መጋዘኑ በሙሉ ተንቀጠቀጠ። ጭሷ ገርጣ ያለ ነው፤ መጥበሻ የተጣደበት ቤት ይሸታል። ከዲናሞዋ ጋር ያያያዝናቸው አምፖሎች ሁሉ በሩ። አሁኑኑ የተመታ እጁን ረስቶ አጨበጨበና "ወይኔ እጄን!" ብሎ ጮኸ። ገምጋሚዎቹ እስኪበቃቸው አዩ፣ ለኩ፣ ጠየቁ። ከተለመደው ናፍጣ ይልቅ ትንሽ አብዝታ ትበላለች፣ ጭሷ ግን ይሻላል አሉ። ለትልቁ ሙከራ ይለፍ ብለው ፈረሙ። ብሳናችን አለፈ!

ሁሉም "የት ተማርሽው?" አሉኝ። "ባለቤቴ ነው ያስተማረኝ" አልኩ፣ አንገቴን ቀና አድርጌ። እንዲህ የኮራሁበት ቀን የለም።

ከዚያ እጄን ልታጠብ ስሄድ ነው ነገሩ የገባኝ። አንተን የምጠራበትን ምክንያት በገዛ እጄ አዙሬ አስነሳሁት።

ቤት ስገባ ለእናትህ ነገርኳቸው። መጀመሪያ መረቁኝ፤ ቀጥሎ ፊታቸው ተለወጠ።

"ደብዳቤው ሄደ?"

"አልሄደም፣ እማማ።"

"ተመስገን። ምንም እንዳትጨምሪበት። እንዳለ ላኪው።"

"እንዴት አድርጌ? ሞተሯ ተነስታ የለ? ውሸት ይሆናል እኮ።"

"የምን ውሸት? ሰኞ ዕለት እውነት ነበር። ዘግይቶ ቢደርስ የሹፌሩ ጥፋት ነው።" ከዚያ አጠገባቸው አስቀመጡኝ። "ስሚኝ ልጄ። የኔ ልጅ ኩራት እራቱ ነው። ሥራ አለ ስትይው ይመጣል። ናፈቅከኝ ብትይው ግን ጉሮሮውን ይጠርግና ሌላ ዓመት ይቀመጣል። እኔ ወልጄዋለሁ።"

"እኔም አግብቼዋለሁ" አልኳቸው። ሳቁ። ግን የሚሉት እውነት መሆኑን ሁለታችንም እናውቃለን፣ ስለዚህ ቀኑን ሙሉ አሰብኩበት። እንዳሉት ብልከው ትመጣ ነበር። ሳጥንህን ይዘህ ትመጣለህ፣ ሞተሯ ተነስታ ታገኛታለህ፣ ትንሽ ትቆጣለህ፣ ቢበዛ ሳምንት ትቆያለህ። ከዚያስ? ለሥራ የመጣ ሰው ሥራው ሲያልቅ ይሄዳል። እንደገና ሳጥንህን ስታነሳ በር ላይ ቆሜ ማየት አልችልም። አንዴ አይቼዋለሁ፣ ይበቃኛል።

ስለዚህ እናትህን እምቢ ብዬ ይኸው ሁሉንም ጻፍኩልህ። አሁን ተኮራርፈናል፤ ግን ጀርባቸውን እንደሰጡኝ "ለልጄ ሰላምታዬን ጻፊለት" ብለዋል። እጅህን ከብረት፣ እግርህን ከባሕር ይጠብቅልህ፤ የምትረግጠው መሬት አይክዳህ፤ ከሩቅ የሚመጣ ድምፅህን ሳይሆን ፊትህን ያሳየኝ ብለዋል። አሜን ብያለሁ፣ ጮክ ብዬ፣ እንዲሰሙኝ።

እንግዲህ እዚህ ያለው ሁኔታ ይኼ ነው። ሞተሯ ያለ አንተ ተነስታለች። ደመወዜ ይበቃናል። እናትህ ጤነኛ ናቸው፣ ጣሪያው አያፈስም፣ ያልተበላሸም ሆነ የተበላሸ የሚፈታ ዕቃ የለም። ዞሬ ዞሬ የምትጠግነው ነገር አጣሁልህ።

እንዲሁ ና።

ሚስትህ